ስለ ዜማ መታሰቢያ ቀን

ሮክ የሚባለው የፈረንጅ ሙዚቃ ዕድሜው ገና መቶ ዓመት ያልሞላ ሲሆን መታሰቢያ ቀኖቹ ግን እጅግ ብዙ ናቸው። ወዳጆቹ ይህ ሸክላ የወጣበት፥ ያ ዘፋኝ የሞተበት እያሉ 10ኛውን፥ 25ኛውን፥ 50ኛውን ዓመት ይቈጥራሉ።

በደብረ ታቦር ተወልዶ በአዲስ አበባ ያረጀ አንድ ሰው እነዚህን ቀኖች ወደ ኢትዮጵያ አቈጣጠር እየመለሰ በደብተር ጽፎ ይዟል። ቢትልስ የተባሉት እንግሊዞች «አቢ ሮድ» የሚለውን ሸክላቸውን ያወጡት መስከረም 16 ቀን 1962 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም የደመራ ዕለት ነው። ጊታር መቺው ጂሚ ሄንድሪክስ በ27 ዓመቱ ለንደን ላይ የሞተው መስከረም 8 ቀን 1963 ዓ.ም. ነው። ሰውየውን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ይኸው ሄንድሪክስ በዉድስቶክ ጉባኤ የተጫወተበት ቀን ነው። በኒው ዮርክ ግዛት፥ ቤቴል በምትባል ስፍራ፥ በአንድ ከብት አርቢ እርሻ ላይ 400,000 የሚያህል ሕዝብ ተሰብስቦ ነበር። ሄንድሪክስ በመጨረሻው ጧት 3 ሰዓት ግድም በወጣ ጊዜ ግን ብዙው ሰው ዝናቡና ጭቃው አሰልችቶት ሄዶ ነበር። እርሱም የአገሩን የሕዝብ መዝሙር ያለ ቃል በጊታሩ አሰማ። ቀኑ ነሐሴ 12 ቀን 1961 ዓ.ም. ነው፤ በእኛ አገር ከቀኑ 10 ሰዓት ግድም ይሆናል። በደብረ ታቦር ልጆች ጅራፍ ሲያጮኹ፥ ለቡሄ ሙልሙል ሲጋገር፥ ለማታው ችቦ ሲታሰር ማለት ነው።

ሰውየው በልጅነቱ የዜማ ተማሪ ነበረ። ጾመ ድጓን ጨርሶ ድጓውን ከዮሐንስ ጀምሮ እስከ አስተምህሮ ካደረሰ በኋላ ትምህርቱን ትቶ አዲስ አበባ ገባ። ወቅቱም ሸክላ የማሳተም መብት ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተወስኖ ሳለ፥ አምኃ እሸቴ ደፍሮ እ.ኤ.አ. በ1969 የራሱን ሸክላ ማውጣት የጀመረበት ነው። ወጣቱም ደመወዙን በሸክላ ጨረሰ፤ በዚህም የሚወቀስ አይደለም፥ መልካም ዜማ ነበርና።

ድጓ ግን ሸክላ አይደለም። ሸክላ ባለቤቱ ቢተኛም በሣጥን ውስጥ ይቈያል፤ ድጓ የሚያድረው በሰው ጕሮሮ ነው። ስለዚህ በጋይንት ያለችው ቤተልሔም ሊቁን ሁሉ ሳታስመሰክር አታሰናብትም። ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ዓመት የነበረ ሲሆን መታሰቢያው ግንቦት 11 ቀን ነው፤ ነገር ግን በዚያ ስንተኛ ዓመቱ ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ድጓ ራሱ የዓመት መቍጠሪያ ነውና እያንዳንዱ ዜማ በቀኑ ይባላል፤ ያመለጠውም ዓመት ይጠብቃል።

የደብረ ታቦር በዓል ደግሞ በድጓው መጨረሻ ክፍል፥ በፋሲካ፥ ከዚያም በዓመቱ ማለቂያ ግድም የሚገኝ ነው። ሰውየው የተወለደበትን ከተማ በዓል ዜማ ሳይማር ቀረ ማለት ነው።

በ2011 ዓ.ም. ነሐሴ 9 ቀን ዉድስቶክ የተጀመረበት 50ኛ ዓመት በሬድዮ ሲነገር ሰምቶ፥ ከእርሱ ጋር ቈሎ ትምህርት ቤት ለነበሩት፥ ዛሬ በደብረ ታቦር ለሚያገለግሉት መሪጌታ ስልክ ደወለ።

«መሪጌታ፥ የደብረ ታቦርን እስቲ ጥቂት ያሰሙኝ» አለ።

«ወንድሜ፥ ለምን በስልክ? በ13 ሌሊት ይባላል፤ መጥተህ ቁምና ስማ» አሉት።

መንገዱ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፥ ወሩም የክረምት ነው፤ ሰውየው ግን ሄደ። በማኅሌቱ መሪጌታው መቋሚያ ሰጥተው ከታናናሾቹ ተማሪዎች ጋር አቆሙት። እነዚያ በቃላቸው ሲያዜሙ፥ እርሱ አፋቸውን እያየ አንድ ቃል ዘግይቶ ይከተል ነበር።