ሦስት ሺህ ዘፈን ለአባዬ

ባለፈው አንድ ዓመት ለአባቴ ሙዚቃ የሚሰማበት ዕቃ ልሰጠው ሦስት ጊዜ ሞክሬያለሁ። ሁለቴ ስቻለሁ። ሦስተኛው ተሳካ፤ የተሳካው ግን ብር ስለጨመርኩበት አይደለም። ለወላጅ፣ ለአያት ወይም ቤት ለዋለ ዘመድ እንዲህ ያለ ነገር ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ፣ የእኔን ስህተት አንብባችሁ ኪሳችሁን አድኑ።

አባዬ የሚኖረው ደብረ ብርሃን ነው፣ ከእህቴ ጋር። ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። አሰብ ወደባችን በነበረ ጊዜ ኤንትሬ ፊያት ይዞ ከአዲስ አበባ አሰብ ሲመላለስ ነው ያሳደገን። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ያንን መንገድ እስኪዘጋው ድረስ። እኔ ደግሞ ዲግሪዬን ይዤ አዲስ አበባ የቀረሁ ፍሪላንስ ጋዜጠኛ ነኝ። ፍሪላንስ ማለት ምን እንደሆነ በደንብ ካስረዳሁት በኋላ አባዬ፣ «አሁን ገባኝ፤ መኪና የሌለው ሾፌር ማለት ነው» ብሎኛል።

ዓይኑን ግላኮማ ይዞታል። ግላኮማ ክፉ ነው፤ አያምም፣ አይቸኩልም፤ ብዙ ጊዜ ከዳር ከዳር እየበላ ነው ወደ መሃል የሚገባው። የወሰደውን ደግሞ አይመልስም። ሐኪሞቹ የሚታገሉት የቀረችውን ለማቆየት ነው። አባዬ አሁን ብርሃንና ጥላ ይለያል፤ ፊት ለፊቱ የቆመ ሰው መኖሩን ያውቃል፤ ማን መሆኑን ግን በድምፁ ነው የሚለየው። ጋዜጣ ቀረ፣ ዳማ ቀረ፣ ብቻውን ከግቢ መውጣት ቀረ። ጆሮው ግን እንደ ድሮው ነው። «ሙዚቃ እንዲሰማ ለምን አንድ ነገር አልገዛለትም?» ያልኩት ያኔ ነው።

ለፋሲካ ስማርት ስልክ ገዛሁለት። ትልቅ ስክሪን ያለው፣ ድምፁ ጥሩ የሆነ። ዩቲዩብ አለ፣ ቴሌግራም አለ፣ የፈለገውን ዘፈን ያገኛል ብዬ። ሰጪው ያየው የራሱን ደስታ እንጂ የተቀባዩን እጅ አልነበረም። ስክሪን ማለት ከላይ እስከ ታች ልሙጥ መስታወት ነው። ለማያይ ሰው የት ጋ ምን እንዳለ የሚነግር አንድም ምልክት የለውም። አባዬ ሠላሳ ዓመት ማርሽ ሲቀይር አንድ ቀን አጎንብሶ አይቶት አያውቅም፤ እጁ ያውቀዋል። ስልኩን ሲይዝ ግን እጁ የሚያውቀው ነገር አጣ። ዘፈን እየሰማ ጆሮው ላይ ሲያስጠጋው ይዘጋል፤ ጭኑ ላይ ሲያስቀምጠው ለሆነ ሰው ይደውላል።

«ልጄ፣ ይሄ ስልክ ስነካው ይቆጣል፣ ስተወው ይተኛል» አለኝ።

ስለዚህ የእህቴ ልጅ ከትምህርት ቤት እስኪመጣ መጠበቅ ጀመረ። ልጁ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ የራሱ ጨዋታ አለው። አንድ ዘፈን ይከፍትለትና ይሮጣል። ዘፈኑ ሲያልቅ ዩቲዩብ ያሻውን ይቀጥላል፤ ማስታወቂያ ይጮኻል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ እህቴ ደውላ፣ «አባዬ ዘፈን ክፈቱልኝ ማለት ትቷል፤ ልጁን አላስቸግርም ይላል» አለችኝ። ያቺ ቃል እንቅልፍ ነሳችኝ። ጭነት የሞላ ተሳቢ ይዞ የጣርማበርን ቁልቁለት ይወርድ የነበረ ሰው፣ አንድ ዘፈን ለመስማት ልጅ መለማመጥ ስላልፈለገ ዝም ብሎ መቀመጥን መረጠ።

ሁለተኛው ሙከራዬ ላይ እንደ ጋዜጠኛ ላስብ አልኩ። መጀመሪያ አጠናሁ።

ለሙዚቃ ብቻ ተብሎ የሚሠራ የኪስ ማጫወቻ ዘመኑ አልፏል። ሶኒ ዎክማንን እ.ኤ.አ. በ1979 ሲያወጣ ሰው ካሴቱን ይዞ መንገድ ላይ ወጣ። አፕል እ.ኤ.አ. በ2001 አይፖድን ሲያወጣ፣ 5 ጊጋባይት በያዘች ዕቃ 1,000 ዘፈን ኪስ ውስጥ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ አፕል ራሱ አይፖድ መሥራት ማቆሙን አስታወቀ። ስልክ ሁሉንም ዋጠው። ለእኔና ለእናንተ ይሄ ምቾት ነው። ለአባዬ ግን ቁልፍ ያላቸው ዕቃዎች ከገበያ ወጡ ማለት ነው።

ሁሉም ግን አልወጡም። መርካቶ ብትሄዱ ሚሞሪ ካርድና ፍላሽ የሚያነቡ ትንንሽ ሬዲዮኖች ሞልተዋል፤ ሱቅ ውስጥ፣ ጥበቃ ቤት፣ እርሻ ላይ የምትሰሟቸው እነሱ ናቸው። እነሱን ስመርጥ የተማርኩትን በአጭሩ ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ቁልፉ ከፍ ከፍ ያለና የተራራቀ ይሁን። እኔ ሱቁ ውስጥ ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ እየዳበስኩ ነበር የምሞክረው። ባለሱቁ፣ «ወንድሜ፣ ደህና ነህ?» እስኪለኝ ድረስ። ሁለተኛ፣ ሲጠፋና ሲበራ ካቆመበት የሚቀጥል መሆኑን እዚያው አጥፍታችሁ አብርታችሁ አረጋግጡ። አንዳንዱ በተከፈተ ቁጥር ከመጀመሪያው ዘፈን ነው የሚነሳው፤ ያንን አንድ ዘፈን በሳምንት ውስጥ ያስጠላችኋል። ሦስተኛ፣ ባትሪው የሚወጣና የሚቀየር ይሁን። ብዙዎቹ የድሮ ኖኪያ ስልክ ባትሪ፣ ቢኤል-5ሲ የሚባለውን ይጠቀማሉ፤ እሱ ደግሞ ብዙ ቦታ ይገኛል። አራተኛ፣ ብዙዎቹ ርካሽ ማጫወቻዎች ከ32 ጊጋባይት በላይ የሆነ ካርድ አያነቡም፤ ትልቅ ካርድ ገዝታችሁ ዕቃው ተበላሽቷል እንዳትሉ። ፎርጅድ ካርድም አለ፤ ላዩ ላይ 32 ተጽፎበት ውስጡ ሩቡን እንኳ የማይዝ። አምስተኛ፣ ቀይ ሰማያዊ መብራት የሚረጨውን ተዉት። ባለሱቁ «እንደ ናይት ክለብ ነው!» ብሎ ሊሸጥልኝ ነበር።

በዚህ መስፈርት አንዷን መረጥኩ። ከስማርት ስልኩ ጋር ስትነጻጸር ዋጋዋ ምንም አልነበረም። ከዚያ ካርድ የሚሞላ ልጅ ጋ ሄድኩ። «ምን ልጫንልህ?» አለኝ። ሁለተኛውን ስህተት የሠራሁት እዚህ ላይ ነው።

«የድሮ ዘፈን ሁሉንም ሙላው» አልኩት።

ሦስት ሺህ ምናምን ዘፈን ሞላልኝ። 32 ጊጋባይት ካርድ በተለመደው ጥራት ከ6,000 በላይ ዘፈን ይይዛልና ቦታም ተርፎ ነበር። ሳይደበቅ ልናገር፤ ከዚያ ላይ ለዘፋኞቹም ሆነ ለገጣሚዎቹ አንድ ሳንቲም አልደረሳቸውም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል። እኔ ራሴ ጽሑፌ ያለ ስሜ ሲዞር የምጮኽ ሰው ነኝ። ያን ዕለት ግን ካርዴን ኪሴ ከትቼ በደስታ ወደ ደብረ ብርሃን ተሳፈርኩ።

ለመስቀል ሰጠሁት። ቁልፎቹን በአንድ ከሰዓት ለመዳቸው። ሲከፍታት በእንግሊዝኛ የምትናገረውን ድምፅ «ይቺ ሴትዮ ሁልጊዜ ነው ሰላም የምትለኝ?» ብሎ አሳቀን። ተመልሼ ለጓደኞቼ አወራሁ።

ከወር በኋላ ስጠይቅ ግን ኤፍ ኤም ዜና ብቻ ነው የሚሰማባት። ለምን ስለው መጀመሪያ «ጥሩ ናት፣ ጥሩ ናት» አለ። ስጨቀጭቀው ነው ያወጣው።

«ውስጧ የማላውቀው ሰው በዛ። አንድ የምፈልገው ዘፈን አለ፤ ቀጣይ፣ ቀጣይ፣ ቀጣይ እያልኩ ጣቴ ደከመ። መርካቶ መሃል ቆሞ ዘመድ እንደ መፈለግ ነው።»

እውነቱን ነው። እኔ ዝርዝሩን በዓይኔ አይቼ እመርጣለሁ። እሱ ዝርዝር የለውም፤ ያለው አንድ ቁልፍ ነው። ለእሱ ሦስት ሺህ ዘፈን ሀብት ሳይሆን ጫካ ነው።

«የትኛውን ዘፈን ነው የምትፈልገው?» አልኩት።

አያችሁ፣ ይህን ጥያቄ መጠየቅ የነበረብኝ ከፋሲካ በፊት ነበር። ሰው እየጠየቅሁ እንጀራ የምበላ ሰው ነኝ። ሚኒስትር ጠይቄያለሁ፣ ሯጭ ጠይቄያለሁ፣ የማላውቀውን ባለ ጉልት አስቁሜ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ጠይቄያለሁ። የገዛ አባቴን ግን ምን መስማት እንደሚወድ ጠይቄው አላውቅም። «የድሮ ዘፈን» ነበር መልሴ። እሱ ወጣት የነበረበትን ዘመን በሙሉ በአንድ ከረጢት ጠቅልዬ።

የፈለገው የብዙነሽ በቀለን አንድ ዘፈን ነበር። «ካሴቱ ነበረኝ» አለ። «የት ሄደ?» ስለው ሳቀ። «አንተ ነህ ያጠፋኸው። ልጅ ሆነህ ላዩ ላይ ዜና አንብበህ ቀዳህበት።»

ያን ቀን ማታ ከአንድ ሰዓት በላይ አወራን። በማግስቱም ደወልኩ፤ በሦስተኛው ቀንም። ማስታወሻ ደብተር ይዤ። አባዬ ዘፈኖቹን የሚያስታውሰው በዘፋኝ ስም ወይም በዓመተ ምሕረት አይደለም፤ በመንገድ ነው። ከአዲስ አበባ ሲወጣ ማሕሙድ። ደብረ ብርሃን ላይ እናታችንን ሰላም ብሎ ስንቅ ይዞ ሲነሳ ጥላሁን። ጣርማበር ላይ ቴፑ ይዘጋል፤ «ቁልቁለት ላይ ዘፈን አይሰማም፤ ፍሬንህን ነው የምታዳምጠው» አለኝ። ደብረ ሲና ቆሎ ገዝቶ ቴፑን እንደገና ይከፍታል። ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ ሲታጠፍ ማሪቱ ለገሰ። በባቲ ቅኝት የተዘፈነውን ባቲ ከተማ ሲገባ መስማት ይወድ ነበር። ሚሌ ላይ ካሴቶቹን ከዳሽቦርድ አንስቶ ከመቀመጫው ሥር ይከታል፤ ሙቀቱ ያጣምማቸዋላ። ረዳቱ ሲተኛ የሚሰማው ደግሞ ሌላ ነው። ብቻዬን ስሆን የምሰማው ብሎ ሦስት ዘፈን ነገረኝ፤ እነሱን እዚህ አልጽፍም።

እህቴ ከአልጋ ሥር የካሴት ካርቶን አወጣች። ብዙዎቹ ተበላሽተዋል፤ 11 ተረፉ። አዲስ አበባ አምጥቼ ከጎረቤት ቴፕ ተዋስኩ። የላላውን ክር በቢክ እስክሪቢቶ አጠነጠንኩ። ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ኮምፒውተሬ ገመድ ዘረጋሁ፤ ኦዳሲቲ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይቀዳል። ካሴት ደግሞ አይቸኩልም፤ የ60 ደቂቃ ካሴት ለመገልበጥ 60 ደቂቃ ቁጭ ማለት ነው። አሥራ አንዱንም ቁጭ ብዬ ሰማኋቸው። ከአንዱ ውስጥ እንደተባለው በቀጭን ድምፅ «እንደምን አመሻችሁ» እያለ ዜና የሚያነብ ልጅ ወጣ። ያጠፋሁትን የብዙነሽን ዘፈን ሲዲ ቤት ለሲዲ ቤት ዞሬ ገዛሁ። ዕዳ ነበረብኝ።

ካርዱን አጸዳሁትና 64 ዘፈን ብቻ ጫንኩበት። እንዲህ ያሉ ማጫወቻዎች ብዙ ጊዜ የሚያጫውቱት በስም ሳይሆን በተገለበጡበት ቅደም ተከተል ስለሆነ፣ ከአዲስ አበባ እስከ አሰብ በመንገዱ ተራ አንድ በአንድ ገለበጥኳቸው። መጀመሪያው ማሕሙድ። ጣርማበር ላይ ምንም ድምፅ የሌለው አንድ ደቂቃ አስገባሁ።

ለገና ወስጄ ያችኑ የድሮዋን ሬዲዮ መለስኩለት። ከሰዓት በኋላ ጀመረ። እኛ ቡና ላይ ነን። ድንገት ድምፁ ጠፋ። እህቴ «ባትሪው አለቀ» ብላ ልትነሳ ስትል እጁን አነሳ።

«ተይው፤ ቁልቁለት ላይ ነኝ» አለ።

አሁን በየቀኑ ይከፍታታል፤ ማንንም ሳይጠራ። ሲደውልልኝ የሚያነሳው እሮሮ ብቻ ነው። ከሸዋ ሮቢት በኋላ ያለው ዘፈን ቦታው አይደለም፤ ከሚሴ ላይ ነው መሆን ያለበት። ከአሰብ ሲመለስ የሚሰማውን ደግሞ ጨርሶ አልጠየቅኩትም። «መንገድ መሄጃ ብቻ ነው እንዴ ያለው?» ይለኛል።

ስለዚህ ለፋሲካ የመልሱን እየሠራሁ ነው። ደብተሬን ይዤ እደውልለታለሁ። እናንተም ወደ መርካቶ ከመውረዳችሁ በፊት ስልካችሁን አንሱና ደውሉላቸው። ምን ልግዛልህ ብላችሁ አትጠይቁ፤ «ምንም አያስፈልገኝም» ይሏችኋል። ምን ትሰማ ነበር፣ የት ሆነህ፣ ከማን ጋር ብላችሁ ጠይቁ።

መልካም ሰንበት።