ፌዮዶር ሣልሳዊና የ1682 ዓ.ም. ሁለት እሳቶች

የመስኮብን ታሪክ ለማወቅ መጽሐፍ የምንገልጥ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የምንቸኩለው ወደ ታላቁ ጴጥሮስ ነው። መርከብ ሠሪው ንጉሥ፣ የመኳንንቱን ጢም ያስላጨው ንጉሥ፣ በረግረግ ላይ ከተማ የቈረቈረው ንጉሥ እርሱ ነውና፣ ከእርሱ በፊት የነበሩትን በደጅ እንደ ቆመ ባለጉዳይ እያለፍናቸው ወደ እርሱ እንገባለን። እኛም ለብዙ ጊዜ ያደረግነው ይህንኑ ነበር። የጴጥሮስ ታላቅ ወንድም ፌዮዶር ሣልሳዊ ስድስት ዓመት ብቻ እንደ ነገሠ፣ በሽተኛም እንደ ነበረ አንብበን፣ «ምስኪን!» ብለን ገጹን ገለበጥነው። ዛሬ ወደዚያ ገጽ የመለሰን አንድ እሳት ነው።

ፌዮዶር የተወለደው በ1661 ዓ.ም. ነው፤ ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ነው። አባቱ አሌክሲ ሚካይሎቪች በ1676 ሲሞት ልጁ ገና ዐሥራ አምስት ዓመት አልሞላውም፤ ሕመምም ከሰውነቱ አይለይም ነበር። ይሁን እንጂ ስምዖን ፖሎትስኪ የተባለ ባለቅኔ መነኵሴ አስተምሮት ስለ ነበር፣ የፖላንድን ቋንቋ ያወቀ፣ መጽሐፍ የሚወድ ወጣት ሆኖ ዘውድ ጫነ። በ1678 የሕዝብ ቈጠራ አስደረገ፤ በማግሥቱም ዓመት ግብር በእርሻ መጠን መሆኑ ቀርቶ በቤት ቍጥር እንዲከፈል አዘዘ። ገበሬውም ብልኀት አላጣም፤ ግብሩ በቤት ከሆነ ብሎ ብዙ ቤተ ዘመድ በአንድ አጥር ውስጥ ይሰበስብ ጀመር። በ1681 ደግሞ ከቱርክና ከክሪሚያ ጋር ለሃያ ዓመት የሚጸና የዕርቅ ውል ተደረገ።

ነገር ግን ከሥራው ሁሉ የሚበልጠው «ሜስትኒቼስትቮ» ይባል የነበረውን ልማድ መሻሩ ነው። ቃሉ ከ«ስፍራ» የመጣ ነው። በዚህ ልማድ አንድ መኰንን የሚሾመው በችሎታው ሳይሆን አባቱና አያቱ ከማን በላይ፣ ከማን በታች አገልግለው እንደ ነበር ተቈጥሮ ነው። አያቱ የእኔን አያት ሲያዝዝ አልነበረም የሚል ጌታ፣ ጠላት ድንበር ጥሶ ሳለ እንኳ ከዚያ ሰው በታች አልዘምትም ብሎ ይከራከራል። በንጉሡ ማዕድ ላይ ከማይገባው ሰው በታች ያስቀመጡት እንደ ሆነ መቀመጥን እንቢ ይላል። ክርክሩን የተረታው ወገን ወደ ረቺው ግቢ ተወስዶ፣ ከደረጃው ሥር ቆሞ ይዋረዳል። አንባቢያችን ይሥቅ ይሆናል፤ እኛም መጀመሪያ ሥቀናል። ቈይተን ስናስበው ግን በዚህ ክርክር መካከል የሚሞተው ወታደር ትዝ አለንና ሣቃችንን ተውነው።

ጉዳቱን ከፌዮዶር በፊት የነበሩትም ያውቁት ነበር። አስፈሪው ኢቫን በ1550 ሊገድበው ሞክሯል። የአፍሪቃ ደም ያለበት ፑሽኪንም ቦሪስ ጎዱኖቭ በተባለው ድርሰቱ ያንኑ ልማድ ለማጥፋት ማሰቡን በንጉሡ አፍ አናግሮታል። ፈጽሞ የሻረው ግን የሃያ ዓመቱ በሽተኛ ነው። ልዑል ቫሲሊ ጎሊትሲን ስለ ጦር ሠራዊት መሻሻል ከተመረጡት ሰዎች ጋር መክሮ ጉዳዩን አቀረበ፤ በጥር 1682 መኳንንቱና ካህናቱ ተሰበሰቡ፤ ፓትርያርኩ ዮአኪም ልማዱን አወገዘ፤ የስፍራ ክርክር የተጻፈባቸውም መዛግብት በቤተ መንግሥቱ ደጀ ሰላም ውስጥ ተቃጠሉ። ያን ዕለት ጢሱን ቆመው ያዩ ሽማግሌ መኳንንት ምን ተሰምቷቸው ይሆን? የአባቶቻቸው ክብር ነበረና የተቃጠለው። ንጉሡም ይህን ስላወቀ ይመስለናል፣ ትውልዳቸው የሚጻፍበት ሌላ መጽሐፍ እንዲዘጋጅላቸው ፈቀደ።

እዚህ ላይ ብዕራችንን አስቀምጠን ፌዮዶርን ብናመሰግነው ቀላል ነበር። ዳሩ ግን በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር፣ በሰሜን በረዶ አገር በፑስቶዜርስክ፣ ሌላ እሳት ነደደ። የቀድሞውን የጸሎት ሥርዐት አንለውጥም ካሉት ወገኖች መሪ የሆነው ቄስ አቫኩም ከሦስት ጓደኞቹ ጋር በእሳት እንዲሞት ተፈረደበት። ለፌዮዶር በላከው ደብዳቤ ላይ «አባትህ በሥቃይ ውስጥ መሆኑን እግዚአብሔር አሳይቶኛል» የሚል ነገር ጽፎ ነበር። ልጅ ይህን አንብቦ መቈጣቱ አይደንቅም፤ ነገር ግን በቍጣና በማቃጠል መካከል ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ ሰው ሊመለስበትም ይችል ነበር። እኛ ጥሩውን እሳት ጠቅሰን ክፉውን መዝለልን አልወደድነውም። ሁለቱንም የፈቀደው አንድ እጅ ነው፤ በመካከላቸውም ያለፈው ሦስት ወር ብቻ ነው።

ንጉሡ ራሱ ከዚህ በኋላ አልቈየም። የመጀመሪያይቱ ሚስቱ አጋፊያ በ1681 ወንድ ልጅ ወልዳ በሦስተኛው ቀን ሞታበት፣ ሕፃኑ ኢሊያም ተከትሏት ነበር። በየካቲት 1682 ማርፋ አፕራክሲናን አገባ፤ በሚያዝያ መጨረሻ፣ በዚያን ጊዜ በነበረው የአገሩ አቈጣጠር፣ ሃያ አንድ ዓመት ሳይሞላው ሞተ። ወራሽ አልነበረውምና በግንቦት የስትሬልትሲ ወታደሮች ዐመፁ፤ ዐሥር ዓመት ያልሞላው ጴጥሮስም የእናቱ ዘመዶች ሲታረዱ አየ። ፌዮዶር ያቀደው ትምህርት ቤት በሞስኮ የተከፈተው በ1687 ነው። እርሱም በክሬምሊን በሊቀ መላእክት ቤተ ክርስቲያን ከአባቶቹ ጋር ተቀብሯል።

የተቃጠሉትን መዛግብት በተመለከተ ግን አንድ ነገር አለ። ብዙዎቹ ቤተ ሰቦች ቅጂውን አስቀድመው በየቤታቸው አስቀርተውት ነበር፤ የታሪክ ሊቃውንት ስለዚያ የስፍራ ክርክር የሚጽፉት እነዚያን ቅጂዎች እያነበቡ ነው።