ተረቱን የሚጠብቁ የይፋት ልጆች

ሰው የሚጠብቀው ነገር ባጣ ጊዜ ቀኑ ይረዝምበታል፤ የሚጠብቀው ባለው ጊዜ ግን የዛሬው ድካም ይቀልለታል። ከጣርማ በር ቍልቍል ወርዶ፣ ደብረ ሲናን አልፎ ሸዋ ሮቢት የሚደርስ መንገደኛ ይህን በዓይኑ ያያል። የይፋት ቆላ ገበሬ ማሽላውን ዘርቶ ዝናም ይጠብቃል፤ ከሮቢ ወንዝ ውሃ ጠልፎ ቀይ ሽንኩርት የተከለውም ነጋዴው መኪና ይዞ እስኪመጣለት ይጠብቃል። በዚሁ አገር ያሉ ወጣቶች ደግሞ ከዚህ ሌላ የሚጠብቁት አላቸው፤ ይኸውም ከጃፓን አገር የሚመጣ የአንድ ተረት ቀጣይ ክፍል ነው።

ጃፓኖች ማንጋ የሚሉት በሥዕል የሚነገር ድርሰት ነው፤ ሥዕሉ ነፍስ እንደ ዘራ ሆኖ ሲንቀሳቀስና ሲናገር አኒሜ ይባላል። ወጣቶቹ የሚጠብቁት «ሀንተር ሀንተር» የተባለውን ነው። ደራሲው ዮሺሂሮ ቶጋሺ ድርሰቱን በ1990 ዓ.ም. ዠመረ፤ ብዙዎች የወደዱት አኒሜም ከ2004 እስከ 2007 ዓ.ም. በ148 ክፍል ታየ። ከዚያ ወዲህ እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ፣ ዐሥር ዓመት ሙሉ፣ ተከታዩ አልመጣም። የጃፓን ነገር ለአገራችን ሊቃውንት እንግዳ አይደለም፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ወደዚያ ተልከው ደርሰው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚለውን መጽሐፍ ጽፈዋል።

የተረቱ ነገር እንዲህ ነው። ጎን የሚባል ብላቴና አባቱ በሕፃንነቱ ትቶት ሄዷል፤ ብላቴናውም አባቱን ለመፈለግ፣ እንደ አባቱ አዳኝ ለመሆን ይነሣል። የቅኔ ተማሪ ቢሰማው በዚህ ቃል ሳይቆም አያልፍም፤ በአማርኛ አዳኝ ማለት በሰሙ አውሬ የሚያድን፣ በወርቁ ከጥፋት የሚያድን ነውና። በሽንኩርት ተከላ የሚውል፣ አባቱ በጅቡቲ በኩል ባሕር የተሻገረ አንድ የሸዋ ሮቢት ወጣት ግን ይህን ምስጢር ማንም ሳይፈታለት ዐውቆታል። ጎን በ148ቱ ክፍል መጨረሻ አባቱን ያገኛል። ባልንጀሮቹ «አግኝቶት የለምን? ከእንግዲህ ምን ትጠብቃለህ?» ብለው በጠየቁት ጊዜ፣ «ካገኘው በኋላ እንዴት እንደሚኖር ማየት እፈልጋለሁ» ብሎ መለሰላቸው።

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ዠምሮ በአማራ ክልል የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት በተቋረጠ ጊዜ ወጣቶቹ ተስፋቸውን አልጣሉም። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው በፍላሽ ያደረሰላቸውን የቀድሞውን ክፍል ከስልክ ወደ ስልክ እየተቀባበሉ፣ የድጓ ተማሪ ቀለሙን እንደሚከልስ፣ የጨረሱትን ደግመው ያዩ ነበር። መጽናኛቸውም «ብሊች» የተባለው ሌላው አኒሜ ነው፤ እርሱ በ2004 ዓ.ም. ተቋርጦ በ2015 ዓ.ም. ተመልሷልና፣ የተቋረጠ ሁሉ የጠፋ አይደለም ይላሉ።

ሽማግሌዎች ይህን ሁሉ ሥራ መፍታት ይሉታል። ነገር ግን ወጋየሁ ንጋቱ የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በራዲዮ ሲተርከው፣ ራዲዮኑን ከበው ቀጣዩን ክፍል ይጠብቁ የነበሩ እነርሱ አይደሉምን? የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ፍጻሜ ከመጽሐፉ አንብቦ የጨረሰው እንኳ፣ እንደማያውቀው ሆኖ ይጠብቅ ነበር።

በመጠበቅ ውስጥ ያለው እውነተኛ ፈተና ሌላ ነው። ተስፋ እጅግ ሲዘገይ ወደ ቍጣ ይለወጣል፤ ቍጣውም በሚያመጣው ሰው ላይ ይወርዳል። ደራሲውን ሰነፈ፣ ረሳን፣ ብር ሲያገኝ ተወን ብለው የሚያሙት በዓለም ሁሉ ብዙዎች ናቸው። እርሱ ግን ከጀርባው ሕመም የተነሣ ወደ ሁለት ዓመት ያህል ወንበር ላይ ተቀምጦ መሣል ሳይችል ቀርቶ ነበር፤ በ2015 እና በ2017 ዓ.ም. ወደ ድርሰቱ ቢመለስም ጥቂት ጥቂት እየሣለ ያርፋል።

ባልንጀሮቹ ይህን ሐሜት ሲያነሡ ያ ሽንኩርት ተካይ ወጣት አብሯቸው አላማም። በይፋት ፀሐይ ከጠዋት እስከ ማታ አጐንብሶ ችግኝ የተከለ ሰው፣ ማታ ቀና ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቃል። ጕልበቱን ጠረጴዛ አድርጎ ብራና ሲጽፍ የኖረ የደብር ጸሓፊም ይህንኑ ያውቃል። አንባቢ የሚያየው ፊደሉን፣ በላተኛም የሚያየው ሽንኩርቱን ነው፤ የጐበጠው ወገብ ግን ከገበያ አይወጣም። ስለዚህ ወጣቱ ሐሜቱ ካለቀ በኋላ፣ «መጀመሪያ ሰውዬው ይዳን፤ ተረቱ ይደርሳል» አለ።

ዐሥር ዓመት የጠበቀ ሰው ይህን መናገር ከቻለ፣ መጠበቁ ሥራ መፍታት አልነበረም። የአዳኝን ወርቅ ለማግኘት ቀጣዩ ክፍል እስኪመጣ አልቈየምና።