በኮንትራት አውሮፕላን የተማርነው



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ይህን የምንጽፍላችሁ መርካቶ አካባቢ በትኬት ሥራ የምንተዳደር ሦስት ባልደረቦች ነን። ከጥቂት ዓመታት በፊት የገጠመንን ጉዳይ እስከ ዛሬ ለቅርብ ሰው ብቻ ነበር የምናወራው። አሁን ግን ወደዚህ ሥራ የሚገቡ ወጣቶች ስለበዙ፣ ገንዘባቸውን አምነው የሚሰጡ አባቶችና እናቶችም ስለበዙ፣ ይጠቅማል ብለን አሰብን።

ቻርተር የሚባለውን ነገር ሁላችንም በታክሲ እናውቀዋለን። በሰው ሂሳብ ከሄድክ የምትከፍለው ለአንድ ወንበር ነው። ኮንትራት ከያዝክ ግን ታክሲው በሙሉ ያንተ ነው፤ ወንበሩ ባዶ ቢሄድም ከፋዩ አንተ ነህ። አውሮፕላንም እንደዚያው ነው። ልዩነቱ የገንዘቡ መጠንና የተሳፋሪው ነፍስ ብዛት ነው።

ይህ ንግድ ካደገባቸው መንገዶች አንዱ የአላህን ቤት ናፋቂዎችን ማመላለስ መሆኑን ብዙዎቻችን አናውቅም። የራሳችን የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1946 መብረር ከጀመረ በኋላ፣ ገና በመጀመሪያዎቹ ዓመታቱ በሐጅ ወቅት ወደ ጂዳ የቻርተር በረራ ያደርግ ነበር። በ2008 ናይጄሪያ ውስጥ የተመሠረተው ማክስ ኤር የተነሳው ሑጃጆችን በማጓጓዝ ነው፤ የሀገር ውስጥ መደበኛ በረራ የጀመረው ከዓመታት በኋላ ነው። በጣም የገረመን ግን የአይስላንዱ ኤር አትላንታ ነው። የሕዝቧ ቁጥር 400 ሺህ በማይሞላ፣ ሙስሊም እምብዛም በማይኖርባት የበረዶ ሀገር በ1986 የተቋቋመ ኩባንያ፣ ትልልቅ አውሮፕላኖችን ለሳዑዲ አየር መንገድ እያከራየ ለዓመታት ሑጃጆችን ሲያመላልስ ኖሯል። ሱብሐነላህ! ሪዝቅ ከየት እንደሚመጣ ማን ያውቃል?

አሠራሩ እንዲህ ነው። አከራዩ አውሮፕላኑን፣ አብራሪዎችንና አስተናጋጆችን፣ ጥገናውንና ኢንሹራንሱን ያቀርባል። ተከራዩ ነዳጁን፣ የማረፊያውንና የአየር ማረፊያ አገልግሎቱን ወጪ ይሸፍናል። ኪራዩ በበረራ ሰዓት ይታሰባል፤ አውሮፕላኑ ባይበርም እንኳ የሚከፈል ዝቅተኛ የሰዓት መጠን በውሉ ይቀመጣል። ሐጅ ደግሞ በፈረንጆቹ አቆጣጠር በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ይቀድማል። በአውሮፓ የሽርሽር ወራት ላይ ሲውል አውሮፕላን ይወደዳል፤ በብርዱ ወራት ሲውል ግን ሥራ ፈትቶ የቆመ አውሮፕላን ስለሚበዛ ዋጋው ይቀንሳል። የዚህን ንግድ ትርፍና ኪሳራ ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ይኸው የጨረቃ አቆጣጠር ነው።

ወደ እኛ ታሪክ እንመለስ። የረጀብ ወር ሊያልቅ ሲል አንድ ደላላ መጣ። ባሕረ ሰላጤው አካባቢ ተቀማጭ የሆነ፣ ንግግሩ ጣፋጭ ሰው ነው። ለረመዳን ዑምራ 180 ወንበር ያለው አውሮፕላን በጥሩ ዋጋ አቀረበልን። ቁጭ ብለን አሰላነው። አውሮፕላኑ ሰዎቻችንን ጂዳ አድርሶ ባዶውን ይመለሳል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ባዶውን ሄዶ ይዟቸው ይመጣል። አራት ጉዞ እንከፍላለን፣ ሰው የሚጫነው ግን በሁለቱ ብቻ ነው። እንዲያም ሆኖ 150 ወንበር ከሸጥን ወጪያችንን እንችላለን፤ የቀሩት 30 ወንበሮች ትርፋችን ናቸው። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ሌሊት ማናችንም አልተኛንም። በቀጣዩ ዓመት ሁለት፣ ከዚያም አራት አውሮፕላን እያልን በሐሳባችን አየር መንገድ ከፍተን አደርን።

ቀብዱን ከራሳችን ካዝና ከፈልን። ሰዎችን መመዝገብ ስንጀምር በሦስት ሳምንት ውስጥ 112 ሰው ገንዘቡን አስገባ። አልሐምዱሊላህ፣ ገና ከጅምሩ አንድ ነገር ተስማምተን ነበር፤ የተጓዦቹ ገንዘብ አማና ስለሆነ ለብቻው በተከፈተ ሂሳብ ይቀመጣል፣ ወረቀቱ ሁሉ ሳይሟላ አንድ ብር አይነካም።

ወረቀቱን ጠየቅን። የአውሮፕላኑን ምዝገባ፣ የአብራሪውን ኩባንያ የበረራ ፈቃድ፣ ኢንሹራንሱን፣ የሁለቱን ሀገራት የማረፊያ ፈቃድ ማለታችን ነው። ደላላው ቀናት አዘገየና ላከልን። የበረራ ፈቃዱ ላይ ያለው ስም ሌላ፣ ኢንሹራንሱ ላይ ያለው ስም ሌላ። ኢንሹራንሱ ደግሞ ሰዎቻችን ከሚመለሱበት ቀን በፊት ያበቃል። ስንጠይቀው «ይታደሳል፣ አትጨነቁ፤ በዚህ ሥራ የተለመደ ነው» አለን።

በዚህ ጊዜ እኛው ለሁለት ተከፈልን። አንደኛው ባልደረባችን «ሰው ሁሉ እንዲህ እየሠራ ነው፤ ቀብዱን ልናጣ ነው እኮ» አለ። ሌላው ዝም ብሎ ቆይቶ በ1991 ጂዳ ላይ የሆነውን አነሳ።

ያን ታሪክ ማወቅ ያስፈልጋል። ሐምሌ 11 ቀን 1991 እ.ኤ.አ. ሐጃቸውን ጨርሰው ወደ ሶኮቶ የሚመለሱ ናይጄሪያውያንን የያዘ የካናዳው ናሽንኤር ዲሲ-8 አውሮፕላን ከጂዳ ተነሳ። ቴክኒሻኖቹ የጎማዎቹ አየር ማነሱን ቀድመው አይተው ነበር። የሚሞላው ናይትሮጅን በቅርብ አልተገኘም፤ በረራው እንዳይዘገይ ተብሎ በዚያው ታለፈ። አውሮፕላኑ ለመነሳት ሲሮጥ ጎማዎቹ ፈነዱ፣ እሳት ተነሳ፣ እሳቱም ከተሰበሰበው ጎማ ጋር ወደ ሆዱ ገባ። ለመመለስ ሲሞክር ወደቀና የነበሩት 261 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። አላህ ይዘንላቸው። ኩባንያውም ከሁለት ዓመት በኋላ ከሰረ። የአንድ ጎማ አየር ነው እንግዲህ! ያንን ውሳኔ የወሰነ ሰውም በዚያች ሰዓት «የተለመደ ነው» ሳይል አይቀርም።

እስከ ሱብሒ ተከራከርን። ከሰላት በኋላ ያ ቀብዱን የፈራው ባልደረባችን ራሱ «እናቴን በዚህ አውሮፕላን አሳፍራለሁ ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ፤ አላሳፍርም» አለ። ነገሩ በዚያው አበቃ። ውሉን አፈረስን፤ ቀብዳችን ሄደ። የሁለት ዓመት ትርፋችን ነበር።

የ112ቱንም ሰዎች ገንዘብ መለስን። ብዙዎቹ መረቁን፤ አንዳንዶቹ ተቆጡ። ከወሎ የመጡ አንዲት እናት ብራቸውን ቆጥረው በመቀነታቸው ከቋጠሩ በኋላ «ልጆቼ፣ ገንዘቤን መልሳችሁልኛል። ረመዳኔን ግን ማን ይመልስልኛል?» አሉን። መልስ አልነበረንም። በቀጣዩ ዓመት ጉልበታቸው ደክሞ መሄድ አልቻሉም። ይህን ሳንነግራችሁ ብናልፍ ታሪኩ ጎደሎ ይሆናል።

ሌላም የምንነግራችሁ አለ። ያ አውሮፕላን ከሌላ ሀገር ሰዎችን ጭኖ በሰላም ደርሶ በሰላም መመለሱን ሰማን። «አያችሁ!» ያሉን ሰዎች አሉ። እኛም ውስጣችን ያዘነበት ቀን ነበር። ግን ውሳኔያችን የሚመዘነው በዚያች ሌሊት በእጃችን በነበረው ወረቀት ነው። ያ ወረቀት ደግሞ የሰው ነፍስ የሚያሳፍር አልነበረም። ተወኩል ማለት ግመሏን ሳያስሩ መተው አይደለም።

ዛሬ ሥራችን ትንሽ ነው። ከመደበኛ በረራ ላይ ለቡድን ወንበር እንይዛለን። በመጀመሪያው ዓመት 22 ሰው፣ በቀጣዩ 40 ሰው ላክን። አንድ ቀን አውሮፕላን በኮንትራት እንይዝ ይሆናል ኢንሻአላህ፤ ንግዱን አልጠላነውም። ሐላል ነው፤ ብዙዎችን ያሳደገ፣ ብዙ አቅመ ደካማ ለምኞቱ ያደረሰ ሥራ ነው።

ወደዚህ ሥራ የምትገቡ ወንድሞችና እህቶች፣ ሦስት ነገር አደራ እንላችኋለን። የተጓዥን ገንዘብ ከራሳችሁ ገንዘብ ጋር አትቀላቅሉ። ስሙ የማይገጥም፣ ቀኑ የማይደርስ ወረቀት አትቀበሉ። በሂሳባችሁ ውስጥ ባዶውን የሚመለሰውን በረራ አትርሱ። ተጓዦችም ብትሆኑ «የማን አውሮፕላን ነው? ፈቃዱስ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ለእኚያ እናት ዱዓ አድርጉላቸው። አላህ በኒያቸው ይመንዳቸው፤ ለእኛም በረካ ያለው ሐላል ሪዝቅ ይስጠን። ኣሚን።