ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈቶ ኮምፒውተሩ ሲደርቅ

እኛ ቤት ምድር ቤት ውስጥ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አለ። ታላቅ ወንድሜ ለሥራ ወደ ሌላ ስቴት ከመሄዱ በፊት ሊኑክስ ጭኖ ሦስት ቨርቹዋል ማሽኖች ፈጠረበት፤ አንዱ የቤተሰቡ ፎቶና ድምፅ ማስቀመጫ፣ ሁለተኛው የማኅበራችን የጥናት ጥያቄዎች ያሉበት፣ ሦስተኛው የእሱ መሞከሪያ። ሲሄድ ነገሩ ሁሉ ለእኔ ወረደ። የነርስነት ተማሪ ነኝ፤ ግን ሐበሻ ቤት ውስጥ አንዴ ፕሪንተር ያስተካከለ ልጅ ዕድሜ ልኩን የቤቱ ኢንጂነር ነው።

ባለፈው ሴሚስተር ሦስቱም ማሽኖች ባንድ ላይ ድርቅ ማለት ጀመሩ። ለግማሽ ደቂቃ፣ አንዳንዴም ለሁለት ደቂቃ ምንም አይንቀሳቀስም፤ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል። አባዬ ለቴሌቪዥኑም ለመኪናውም የሚያዘውን መድኃኒት አዘዘ፦ «አጥፍተሽ አብሪው!» እኔ ግን ፈራሁ። እማዬ አዲስ አበባ ሄዳ በትንሽ መቅረጫ የቀዳቻቸው የአያቴ ተረቶች እዚያ ውስጥ ናቸው። አያቴ አርፋለች። ወንድሜም ግልባጭ አስቀምጣለሁ እንዳለ ነው የሄደው።

መጀመሪያ ፕሮሰሰሩን አየሁ። ሥራ ፈቶ ተቀምጧል፤ የጭነቱ ቁጥር ግን ጣሪያ ነክቷል። ሊኑክስ ዲስክ የሚጠብቁትንም ከጭነቱ ስለሚቆጥራቸው ሁለቱ አብረው መታየታቸው ራሱ ፍንጭ ነው። መዝገቡ ላይም ከ120 ሰከንድ በላይ የታገዱ ሥራዎች ተደርድረዋል።

ቨርቹዋል ማሽኑን ከውስጥ መጠየቅ ብዙ አይጠቅምም። እሱ ዲስክ የሚመስለው ነገር አስተናጋጁ ኮምፒውተር ላይ ያለ አንድ ትልቅ ፋይል ነው። ጣት ላይ የምንሰካው የኦክስጅን መለኪያ ቁጥሩ ሲወርድ ጣቱ ቀዝቅዞ ይሆናል፣ ሳንባውም ይሆናል፤ ከጣቱ ብቻ አይታወቅም። ስለዚህ አስተናጋጁ ላይ አይኦስታትን ከፈትኩ። ዲስኩ መቶ በመቶ ተይዟል፤ የሚያልፈው ዳታ ግን ከምንም አይቆጠርም። ጤነኛ ሃርድ ዲስክ በ10 እና በ20 ሚሊሰከንድ መካከል የሚመልሰው ጥያቄ እዚህ በሺዎች ይጠብቃል። የሌሊቱ ባክአፕ አጨናንቆት ቢሆን ኖሮ ብዙ ዳታ ሲፈስ አይ ነበር። ሦስቱንም ማሽኖች ዘግቼ ፋይሉን በቀጥታ ከአስተናጋጁ ሳነብ ያው ቦታ ላይ ደረቀ። እንግዲህ ወረፋ አይደለም፤ በሽታ ነው።

የዲስኩ የራሱ የጤና መዝገብ ስማርት ይባላል። 197ኛው መስመር ላይ ሊነበቡ ያልቻሉ ሴክተሮች ይቆጠራሉ፤ 8 ይላል። ዲስኩ የታመመውን ቦታ ደጋግሞ ለማንበብ ይታገላል፣ ሊኑክስም ሌላ ካልታዘዘ ለአንድ ትእዛዝ 30 ሰከንድ ይታገሣል። ሦስቱ ማሽኖች አንድ በር ስለሚጋሩ ሁሉም ከኋላ ይሰለፋሉ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ረጅሙን ምርመራ ወይም የፋይል ሲስተም ጥገና አስቀድሚ ይላል። እኔ አልስማማም። እስትንፋሱ የሚያስጨንቀውን ሰው መጀመሪያ አየር እንዲያገኝ ታደርጊዋለሽ እንጂ ኤክስሬይ ክፍል ወረፋ አታስይዢውም። አዲስ ዲስክ ገዝቼ በዲዲሬስኪው መገልበጥ ጀመርኩ። ይህ ፕሮግራም ቀላሉን ቦታ አስቀድሞ ያነሣል፣ የታመመውን ዘሎ በመጨረሻ ይመለስበታል፤ የደረሰበትንም ስለሚመዘግብ ቢቋረጥ ከዚያው ይቀጥላል። ሌሊቱን ሙሉ ፈጀ። በማግስቱ የፋርማኮሎጂ ፈተና ስለነበረብኝ የቤታ ብሎከር ካርዶቼን ይዤ ደረጃው ላይ አነጋሁ።

ሲያልቅ 4096 ባይት ብቻ ቀረ፤ ስምንት ሴክተር፣ እያንዳንዱ 512። ያ ቦታ ከአያቴ ቅጂዎች በአንዱ መሃል ወደቀ። በሰከንድ 44,100 ናሙና፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ባይት፣ በአንድ ቻናል፤ ስታሰሉት ከሰከንድ አንድ ሃያኛ አይሞላም። ቀበሮዋ ለጅቡ መልስ ልትሰጥ ስትል «ጠቅ» ይላል፣ ከዚያ የአያቴ ሳቅ ይቀጥላል። እማዬ ሦስት ጊዜ ሰምታ አላገኘችውም።

ግልባጩ አሁን ሦስት ቦታ ነው። አንዱን ለወንድሜ በፖስታ ልኬለታለሁ።