ጎማውን ያጠፈ ዳኮታ

ከጂንካ ወደ ሃና የሚወርድ ሰው መጀመሪያ የሚያስረክበው ብርዱን ነው። ጠዋት ጂንካ ላይ ሹራብ ደርቤ፣ ከገበያ የገዛሁትን ማንጎ ታቅፌ ነበር መኪና ውስጥ የገባሁት። ማጎ ፓርክ ሜዳው ላይ ስንደርስ ሹራቡ ትራስ ሆኗል፤ ማንጎውም ተበልቶ አልቋል። ወላፈኑ ሲያፍነኝ መስኮቱን ዝቅ ላደርግ ስል ሾፌሩ «ኧረ ዝጊው፣ የገንዲ ዝንብ ይገባል!» ብሎ ጮኸ። እኔ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ዝንብ ስል የማውቀው ሥጋ ቤት ደጃፍ የምታንዣብበውን ነው። የማጎዋ በጂንስ ላይ ትነክሳለች። እያከክሁም ቢሆን ዓይኔን ከመንገዱ መንቀል አልቻልኩም፤ ግራር፣ ቁጥቋጦ፣ ደግሞ ግራር፣ ድንገት ጭራውን ቀጥ አድርጎ የሚሮጥ ከርከሮ፣ ከዚያ ትከሻው ላይ ክላሽ ያጋደመ የሙርሲ ጎልማሳ። አገሬ ይሄን ሁሉ ይዞ እኔ ቦሌ ተቀምጬ ምን ስሠራ ነበር?

ሃና የሳላማጎ ወረዳ ከተማ ናት። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ጄሪካን የተደረደረባቸው ሱቆች፣ አቧራ ላይ የሚንፈቀፈቁ ሞተር ሳይክሎች፣ ዩኒፎርም የለበሱ ተማሪዎች። በመሃላቸው ቦዲዎች፣ ጨርቃቸውን ትከሻቸው ላይ ቋጥረው፣ ክንዳቸው ላይ የብረት አምባር ደርድረው፣ ትንሿን የእንጨት መቀመጫቸውን አንጠልጥለው ያልፋሉ። ሰው የራሱን ወንበር ይዞ ከተማ ሲገባ ያየሁት እዚህ ነው። ወዲያው ቀናሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ወረፋ ቆሜ አሳልፌአለሁ!

ወደዚህ ያመጣኝ አጎቴ ነው፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም። ዕድሜውን አውሮፕላን ጥገና ውስጥ ጨርሶ ጡረታ ከወጣ በኋላ፣ እዚህ አካባቢ ባለው የሸንኮራ እርሻ ትራክተር የሚጠግን ሰው ሲፈለግ «ሙቀት ለወገብ ጥሩ ነው» ብሎ ወረደ፤ ያው ቀረ። ጋሼ በስልክ «ሥራ ይዣለሁ፣ መጥተሽ እዪልኝ» ሲለኝ የትራክተር ነገር መስሎኝ ነበር። ክፍሉ ገብቼ ጠረጴዛው ላይ ያገኘሁት ግን የተዘረጋ አውሮፕላን ነው። ክንፉ ለብቻ፣ ሆዱ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ ሞተሮቹ በሲኒ ማስቀመጫ ላይ። የቀሩት ክፍሎች ገና ከፕላስቲክ ፍሬማቸው ላይ እንደ ወይን ዘለላ ተንጠልጥለዋል።

«መጫወቻ ነው?» አልኩት።

«ዝም በይና እጅሽን ታጠቢ» አለኝ።

በ1 ለ72 ልኬት የተሠራ ዳኮታ ነው። እውነተኛው ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 29 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ይሄኛው 40 ሳንቲ ሜትር፣ ጉልበቴ ላይ የሚቀመጥ። ሳጥኑ ላይ የተሣለው የጦር አውሮፕላን፣ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ ወታደር የጫነ ነው። ለምን ሲቪሉን አላገኘህም ብዬ ልከራከር ስጀምር ጋሼ ሳቀ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ራሱ የጀመረው በዚህ ነው አለኝ፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተረፉ፣ ሲ-47 በሚባሉ ዳኮታዎች። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያው በረራ በአስመራ በኩል ካይሮ ሲሄድ የነበረው አውሮፕላን የዚሁ ዘር ነው። መንገደኛው በግራና በቀኝ ግድግዳ ተደግፎ በሚታጠፍ አግዳሚ ወንበር ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ መሃል ላይ ጭነት ይከመራል። ከኋላ በግራ ያለውን ሰፊ የጭነት በር በጥፍሩ እየነካ «ይሄን በር ያልሠራ፣ ዳኮታ ሠራሁ አይበል» አለ።

እኔ የጠበቅሁት ሥራው መለጠፍ ብቻ ነው። ቁጥር አለ፣ ሥዕል አለ፣ አንዱን ከአንዱ ታገጣጥሚያለሽ፣ በቃ። ጋሼ ግን አውሮፕላኑ ሲበር እንዲታይ ነው የሚፈልገው፤ መሬት ላይ ቆሞ ሳይሆን ሰማይ ላይ። ልዩነቱ እንዲህ የሚያስደስት ይሆናል ብሎ ማን ጠረጠረ! ሳጥኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ለቆመ አውሮፕላን የታሰበ ነው። ጎማው ወርዷል፣ ውልብልቢቱ ተገትሯል፣ ወንበሩ ላይ ሰው የለም። የሚበር አውሮፕላን ሲሆን የመቆም ምልክት የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ ማጥፋት አለብሽ። አብራሪ የሌለው የሚበር አውሮፕላን ደግሞ ያስፈራል እንጂ አያምርም።

መጀመሪያ ጎማው። እኔ እግሩን ቆርጬ ልደፍነው ስል ጋሼ ምላጩን ከእጄ ነጠቀኝ። የዳኮታ ጎማ ሲታጠፍ ሙሉ በሙሉ አይደበቅም። ከሞተሩ ሥር ወዳለው ጉድጓድ ይገባና ግማሹ ወደ ውጭ እንደቀረ ይበራል። ችግር ገጥሞት በሆዱ ቢያርፍ እንኳ ያ የተረፈው ግማሽ ጎማ መሬቱን ቀድሞ ስለሚነካ ጉዳቱን ያቀልለታል። የጭራው ጎማ ጭራሽ አይታጠፍም፤ እንደወረደ ነው። ስለዚህ የዋናውን ጎማ እግር አሳጥሮ፣ ጎማውን ጉድጓዱ ውስጥ እስከ ወገቡ ቀብሮ፣ በስቱኮ ሳይሆን በቀጭን ፕላስቲክ ቁራጭ ደግፎ አስቀመጠው። አውሮፕላኑን ገልብጬ ሳየው ወዲያው ክብደት ያለው ነገር ሆነብኝ። ሁለት ጥቁር ግማሽ ክብ ብቻ ናቸው፤ ግን ከመሬት ተነስቷል!

ሙቀቱ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቀለም ቀብቼ እስኪደርቅ ሬዲዮ አዳምጥ ነበር፤ ሃና ላይ ቀለሙ ብሩሹ ላይ እያለ ይደርቃል። ቀጭኑ ሙጫ ጠርሙሱ ከተከፈተ ይተናል። ጋሼ የሚቀባው ከጎህ በፊት፣ አቧራው ሳይነሳ ነው። በ11 ሰዓት ሌሊት ቀሰቀሰኝ፤ አልተናደድኩም። በፀሐይ ኃይል በሚሠራ ፋኖስ ብርሃን ወረንጦ ይዤ፣ ከጎረቤት የመጣልንን ትኩስ የቡና ገለባ ሾፎሮ በቅል እየጠጣሁ፣ የአብራሪ ፊት ቀባሁ። ፊቱ ከሽንብራ ያንሳል። አፍንጫ የሚሆነው አንድ የብሩሽ ፀጉር ነው።

ይሄ ፊት ነው ክርክር ያስነሳው። የሳጥኑ መመሪያ ለአብራሪዎቹ ፊት ሮዝ ቀለም ያዛል። እኔ የፈለግሁት ያንን የመጀመሪያውን የ1938 ዓ.ም. በረራ ነበር። ጋሼ «እንግዲያው ሮዝ ቅቢ» አለኝ። አየር መንገዱ የተቋቋመው ቲደብልዩኤ ከሚባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ጋር በተደረገ ውል ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በግራ ወንበር፣ በካፒቴኑ ወንበር፣ የሚቀመጡት ፈረንጆች ነበሩ። ኢትዮጵያዊው ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ ዳኮታን በአዛዥነት ያበረሩት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1957 ነው። ጋሼ ብሩሹን ጠይም ቀለም ውስጥ ነክሮ ሰጠኝ። የግራውን ሰው ጠይም አድርጌ ቀባሁት፤ አውሮፕላናችንም በአንድ ነጠብጣብ ቀለም ከ1938 ዓ.ም. ወጥቶ ወደ አውሮፓውያኑ ሃምሳዎቹ መጨረሻ ተሻገረ። መስታወቱ ሲለጠፍበት ሰውዬው ሊታይ አይችልም ማለት ይቻላል። ጋሼ ግን «እኔ አውቃለሁ» አለ።

ቤታችን ቦሌ ሚካኤል ነው። አውሮፕላን ጣሪያችንን ታክኮ ሲያልፍ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ ከማድረግ በቀር ቀና ብሎ የሚያይ የለም። ሃና ላይ የአንዲት ትንሽ አውሮፕላን ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ ሻይ ቤቱ ሁሉ ይወጣል። እናም ጋሼ በሩን ከፍቶ ሲሠራ ደጃፉ ላይ የማይቆም የለም። የጂንካ ሰው ከሆነ ስለ ድሮው ሣር ሜዳ ያወራል፤ አሁን አውሮፕላን የሚያርፈው ባኮ ነው፣ ያኔ ግን ከተማው መሃል ነበርና ከማረፉ በፊት ከብቱን ከሜዳው የሚያባርር ሰው ያስፈልግ እንደነበር ይነግርሻል። ሲናገሩ እጃቸውን ዘርግተው ያርፋሉ፤ ሁሉም ግን መጨረሻ ላይ አንዴ ይነጥራሉ።

ከተመልካቾቹ ሁሉ ልቤን የወሰዱት አንድ የቦዲ አዛውንት ናቸው። ቦዲዎች ከብት አርቢ ናቸው። የከብት ቀለምና ዝንጉርጉር የመለየት ጥበባቸው ጃፓናዊውን የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ ካትሱዮሺ ፉኩይን ብዙ ያስጻፈ ነው፤ ለሕፃን ልጅ እንኳ የራሱ የሆነ የከብት መልክ ይመረጥለታል። እኔ ይሄን በወሬ ሰምቼው ነበር። አዛውንቱ ገቡ፣ መቀመጫቸውን መሬት ላይ አድርገው ተቀመጡ፣ በብርማ ቀለም የተቀባውን ክንፍ ከሥር አዩት። ከዚያ ለሚያስተረጉምላቸው ልጅ አንድ ነገር ተናገሩ። ልጁ «ይሄኛው ክንፍና ያኛው አንድ አይደሉም ይላሉ» አለን። አንድ ቀለም ነው የቀባነው ልንል ስንል ጋሼ ዝም አለና ጣሳዎቹን አነሳ። ሁለት የተለያዩ ጣሳዎች ናቸው፤ ስማቸው አንድ፣ የተሠሩበት ጊዜ ሁለት። ክንፉን ፀሐይ ላይ አውጥተን አገላብጠን አየነው። እውነትም ቀኙ ወደ አመድ ይወስደዋል። እኔ እኮ ልብስ ስገዛ ቀለም አዋቂ ነኝ እያልኩ የምከራከር ሰው ነኝ!

ጋሼ ክንፉን እንደገና በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ ቀባው። አዛውንቱም በማግስቱ መጥተው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። የሥራ ኃላፊ ፊርማ እንዲህ ያለ ክብር ሲሰጠው አይቼ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ የቀረው ማስነሳት ነው። አውሮፕላኑ በምን ይቁም? ከጣሪያ በናይለን ክር ማንጠልጠል ይቻላል፤ ግን ሃና ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳና ዳኮታው ግድግዳ ይመታል። ጋሼ ከተበላሸ ሬዲዮ አንቴና ነቀለ። ውስጡ ክፍት ነው፤ በውስጡ ሽቦ ማሳለፍ ይቻላል። አንቴናውን ከክንፉ ሥር፣ ክብደቱ ከሚመዛዘንበት ቦታ ትንሽ ፈንጠር አድርጎ በሰያፍ ተከለው፤ አፍንጫው ቀና፣ ግራ ክንፉ ዝቅ ብሎ ወደ ግራ እየዞረ። ለመሠረት የሆነው ከጂንካ ገበያ የመጣ ቦርኮቶ ነው፣ የሐመር ሰው ራሱን የሚያሳርፍበት መቀመጫ። ጥቁር፣ በቅባት የወዛ እንጨት ላይ ብርማ አውሮፕላን! ከሙዚየም መስታወት በስተጀርባ ያየኋቸው ሁሉ በዚያ ቀን ደበዘዙብኝ።

የውልብልቢቱ ጉዳይ ግን ሌሎቹን ሁሉ አስረሳኝ። ሲበር ውልብልቢት አይታይም፤ የሚታየው ግራጫ ጥላ ነው። ብዙ ሠሪዎች ምላሶቹን ቆርጠው ጥርት ያለ ክብ ፕላስቲክ ይለጥፋሉ። እኔም ከሸሚዝ ካርቶን ላይ አንድ ቆርጬ ገጠምኩና በጣም ወደድኩት። ጋሼ ግን «ይሄ ለፎቶ ነው» ብሎ ከሁለት መጫወቻ መኪኖች ሁለት ትናንሽ ዲናሞ ፈታ፤ እያንዳንዱን ሞተሩ ቤት ውስጥ ከቶ፣ ሽቦውን በክንፉ ሆድ አሳልፎ በአንቴናው አወረደው፤ ቦርኮቶው ሥር ሁለት የሪሞት ባትሪ አሰረ። ሦስት ሦስት ምላስ ያላቸው ውልብልቢቶች እንደነበሩ ገቡ። እኔ ባትሪውን አገናኘሁ።

ዝዝዝዝዝ! ምላሶቹ ጠፉ፤ ሁለት ጭጋግ ቀረ። ጮኽኩ፣ እውነቴን ነው፣ ትልቅ ሰው ሆኜ ጮኽኩ። በሩ ላይ የነበሩት ልጆች ከእኔ ብሰው ጮኹ። አንዱ ጓደኛውን ሊጠራ ሮጠ።

አዛውንቱን ያስተረጎመው ልጅ ግን አልጮኸም። ቀረብ ብሎ መዳፉን ከግራው ሞተር ፊት ያዘ፣ ከዚያ ከኋላው ያዘ። ወደ ቀኙ ሄዶም እንዲሁ አደረገ። «ጋሼ» አለ፣ «ይሄኛው ወደ ኋላ ነው የሚሄደው።» እኔ ምንም አልገባኝም። ጋሼ ግን የራሱን መዳፍ ዘረጋ። የቀኙ ሞተር ነፋሱን ወደ ጭራው ይገፋዋል፤ የግራው ወደ አፍንጫው ይተፋዋል። የዳኮታ ሁለቱም ውልብልቢቶች ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚዞሩት፤ የእኛ ግን ግማሹ ጂንካ ሊሄድ፣ ግማሹ ሃና ሊቀር ፈልጓል።

ጋሼ የግራውን ዲናሞ ሁለት ሽቦዎች አቀያይሮ አሠረና ልጁን «አሁንስ?» አለው። ልጁ እንደገና መዳፉን ከፊት፣ ከዚያ ከኋላ ያዘ። ለፈተናው ጊዜ ወሰደ፤ እኛም ጠበቅነው። «እሺ» አለ በመጨረሻ። ወዲያው ደግሞ የአውሮፕላኑን ሆድ ገልብጦ ግማሽ ጎማዎቹን አየና፣ ሌላኛው ግማሽ የት እንደገባ ይጠይቀን ጀመር።