ሁለት መንገድ ወደ አንድ ስታዲየም

ጥር ለየካ ሰው የመንገድ ወር ነው። በከተራ ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕር ይወርዳሉ፤ አብዛኞቹ በማግስቱ ወደ መንበራቸው ሲመለሱ የየካ ሚካኤል ታቦት ግን የሚገባው ጥር 12 ቀን ነው። ሕዝቡም ነጭ ለብሶ፣ እየዘመረና እየጨፈረ ያጅባል። በ2005 ዓ.ም. ከነጩ ልብስ መሐል አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ማሊያ በርክቶ ነበር። በማግስቱ ብሔራዊ ቡድናችን ደቡብ አፍሪካ፣ ኔልስፕሪት ከተማ ላይ ከዛምቢያ ጋር ሊጫወት ነውና ወጣቱ ለሚካኤልም ለቡድኑም በአንድ ጉሮሮ ይዘምር ነበር።

ከአፍሪካ ዋንጫ ለ31 ዓመት ርቀን ነበር። ካርቱም ላይ 5 ለ 3 ተሸንፈን፣ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ ሱዳንን 2 ለ 0 ረትተን፣ ከሜዳ ውጪ ባገባናቸው ጎሎች ብልጫ አለፍን። ያን ምሽት ከተማው እንዴት እንዳደረ የማያስታውስ ወላጅ ያለ አይመስለኝም። የዛምቢያው ጨዋታ የዋለበት ጥር 13 ደግሞ ለእኛ ለአንጋፋዎቹ ሌላ ትዝታ አለው። እነ ሉቺያኖ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈው የአፍሪካን ዋንጫ ያስቀሩት ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ነበር። ልክ 51 ዓመት መሆኑ ነው።

እኔን ግን ወደ ደቡብ አፍሪካ የወሰደኝ ኳስ ብቻ አልነበረም። የታናሽ እህቴ የበኩር ልጅ እዚያ ከገባ ሰባት ዓመት ሆኖት ነበር። ሱቅ ውስጥ ይሠራል። በየጥቂት ወሩ የሚታደስ የጥገኝነት ወረቀት ስለያዘ አገሩ መጥቶ መመለስ አይችልም። ቡድኑ ማለፉን ሲሰማ፣ «እኔ መምጣት ካልቻልኩ እናንተ ለኳሱ ኑ» ብሎ የግብዣ ደብዳቤ ላከ። እህቴ ያን ጊዜ ከጉልበቷ ሕመም ጋር ስለነበረች ቪዛውን ጠይቄ የሄድኩት እኔ ነኝ።

ዕድሜዬን በነርስነት ስለኖርኩ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ክትባት ነው። ደቡብ አፍሪካ ከኢትዮጵያ የሚሄድን መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ ትጠይቃለች። ክትባቱ የሚወሰደው ቢያንስ ከጉዞው 10 ቀን በፊት ነው። በዚያ ዘመን ለ10 ዓመት ነበር የሚያገለግለው፤ አሁን አንድ ጊዜ የወሰደ ሰው ለዕድሜ ልኩ ይበቃዋል። ሻንጣዬን የሞላው ግን የእህቴ ስንቅ ነው። ከሾላ ገበያ የተገዛ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ዳቦ ቆሎ፣ አንድ ጋቢ፣ ከላይ ደግሞ አንድ ትልቅ ባንዲራ።

ታቦቱን አስገብቼ በዚያው ሌሊት ተሳፈርኩ። አውሮፕላኑ ውስጥ ማሊያ የለበሱ ወጣቶች ነበሩ። «ማዘር፣ ስንት ለስንት ይወጣሉ?» እያሉ ሲያስቁኝ ከአምስት ሰዓት በላይ የፈጀው በረራ ሳይታወቀኝ አለቀ። የእህቴ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር ሚኒባስ ተከራይቶ ጆሃንስበርግ አየር ማረፊያ ጠበቀኝ። የላክነው ልጅ 19 ዓመቱ ነበር፤ ያቀፈኝ ግን ግንባሩ ላይ ጠባሳ ያለው ጎልማሳ ሰው ነው።

ኔልስፕሪት ከጆሃንስበርግ ወደ ምሥራቅ የአራት ሰዓት ያህል መንገድ ነው። እኛ ጥር ሲመጣ በኮተቤ ብርድ ጋቢ እንደርባለን፤ እነሱ ዘንድ ጥር በጋ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ700 ሜትር የማይበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነች ሙቀቷ እርጥብና ከባድ ነው። እንደ ሙያዬ ሚኒባሱ ውስጥ ያሉትን ሁሉ ውሃ አጠጣሁ። ስታዲየሙ ለ2010 የዓለም ዋንጫ የተሠራ፣ 40 ሺህ ያህል ሰው የሚይዝ ነው። ጣሪያውን የተሸከሙት ብረቶች ቀጭኔ ይመስላሉ፤ ወንበሮቹ እንደ ሜዳ አህያ ጥቁርና ነጭ ናቸው። ያን ዕለት ግን የእኛ ባንዲራ ሸፍኗቸው ነበር።

ጨዋታውን ብዙዎቻችሁ በቴሌቪዥን አይታችኋል። ሳላዲን ሰይድ የመታት ፍጹም ቅጣት ምት ተያዘች። በረኛችን ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ። ያን ጊዜ ቩቩዜላና ጠርሙስ ወደ ሜዳ የወረወሩ ደጋፊዎቻችን ነበሩ፤ እንደ እናት አፈርኩ። ዛምቢያ የአፍሪካ ሻምፒዮን ነበረች፤ ከእረፍት በፊት አገባችብን። በ10 ሰው ስንጫወት አዳነ ግርማ አቻ ሲያደርገን አጠገቤ የነበሩት ልጆች በአማርኛ፣ በሐዲይኛ፣ በከምባትኛ እየጮኹ ተላቀሱ። ለአንድ ጎል እንዲህ ይለቀሳል ወይ ብዬ አሰብኩ። ቆይቶ ነው የገባኝ።

ከሁለተኛው ጨዋታ በፊት ጆሃንስበርግ ውስጥ ጄፒ የሚሉትን የሐበሾች ሰፈር አሳየኝ። ሱቆቹ ከሞሉባቸው ሕንፃዎች አንዱ ድሮ የሐኪሞች ክሊኒኮች የነበሩበት ነው። ሐኪም ይቀመጥባቸው በነበሩት ክፍሎች አሁን ብርድ ልብስ፣ መጋረጃና ጫማ ይሸጣል። ቡና የሚፈላበት አንድ ጥግ ተቀመጥንና ስለ ጠባሳው ጠየቅኩት።

«እትዬ፣ አንቺ በአንድ ሌሊት የመጣሽውን እኔ ሦስት ወር ተጉዤበታለሁ» አለኝ። ከሞያሌ ኬንያ፣ ከዚያ ታንዛኒያ፣ ማላዊ፣ ሞዛምቢክ። በሌሊት በጫካ በእግር፣ በጭነት መኪና ከከረጢት ሥር ተኝተው። ጠባሳው ደላላው በብረት የመታው ነው። አብረውት ከተነሱት ሁለቱ አልደረሱም። ስታዲየሙ ውስጥ ከጎኔ ሲያለቅሱ ካየኋቸው ልጆች አብዛኞቹ በዚያው መንገድ የመጡ ናቸው። በግንቦት 2000 ዓ.ም. በውጭ ዜጎች ላይ በተነሳው ጥቃትም ሱቁ ተዘርፎበታል። ሲጨርስ፣ «ለእማዬ እንዳትነግሪያት፤ በሰላም ነው የገባሁት ብያታለሁ» አለኝ።

ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 አሸነፈችን፤ እኔም ሻንጣዬን ይዤ ተመለስኩ። ጥር 21 ቀን፣ ቡድናችን ሩስተንበርግ ላይ ከናይጄሪያ ጋር የመጨረሻውን ጨዋታ በሚያደርግበት በአስተርእዮ ማርያም ዕለት፣ እህቴ ስለት ነበረባትና ቀስ እያልን ወደ እንጦጦ ማርያም ወጣን። እንጦጦ 3 ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ አለው፤ ትንፋሽ ያጥራል። በየመታጠፊያው እያረፍን፣ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች እያሳለፍን ሄድን። ከላይ ሆኖ ሲታይ ከተማው እግር ሥር ነው፤ ወደ ቦሌ የሚወርዱት አውሮፕላኖች እንደ አሻንጉሊት ይታያሉ።

«ከስቷል ወይ?» አለችኝ።

«አልከሳም።»

«እንዴት እንደገባ ነገረሽ?»

ታናሽ ወንድሙ ያን ጊዜ 18 ዓመቱ ነው። ኮተቤ ሜዳ ላይ ኳስ ሲጫወት ይውላል፤ ወንድሙ ዘንድ ለመሄድ ልቡ ተነስቷል። የእህቴ እቁብ ሊወጣላት ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር፤ ገንዘቡ ለማን እንደታሰበ አውቄያለሁ። ስለዚህ ሁሉንም ነገርኳት። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሰማችኝ። ቤተ ክርስቲያን ደርሰን ስለቷን አስገባች። ማታ ናይጄሪያ 2 ለ 0 ስታሸንፈን ቴሌቪዥኑን አልከፈተችም። እቁቡ ግን ለደላላ አልተከፈለም። ልጁ የብረታ ብረት ሙያ ተማረበት፤ ዛሬ ካራ አካባቢ በርና መስኮት ይበይዳል።

ያ መንገድ አልተዘጋም። መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ፣ ቴቴ ግዛት ውስጥ አንድ የጭነት ኮንቴይነር ሲከፈት የ64 ሰዎች አስከሬን ተገኘ፤ ኢትዮጵያውያን ናቸው ተባለ። አየር በማይገባበት ሳጥን ውስጥ ሰው ሲታጨቅ ኦክስጅኑ ያንሳል፣ የሚተነፍሱት የተቃጠለ አየር ይበዛል፣ ሙቀቱ ይጨምራል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ቀጥሎ መደናገር፣ ከዚያ ራስን መሳት ይከተላል። ወጣትነት ከዚህ አያድንም። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ደግሞ ሰሜን ማላዊ፣ ምዚምባ ውስጥ ከ20 በላይ ስደተኞች የተቀበሩበት የጅምላ መቃብር ተገኘ።

ያው ማላዊ ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ደስ ብሎን ስሙን የጠራነው አገር ነው። ስታዲየሞቻችን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መስፈርት ስላላሟሉ «የሜዳችንን» ጨዋታ ሊሎንግዌ ላይ አድርገን፣ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፍን። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ሲያገቡ እኛ የካ ሆነን በቴሌቪዥን አየን።

አገሩን ትቶ የሄደ ሰው ስታዲየም ሲሞላ የታየው በእኛ ብቻ አይደለም። በሰኔ 2004 ዓ.ም. የአውሮፓ ዋንጫ በፖላንድና በዩክሬን ሲካሄድ ስዊድናውያን ደጋፊዎች ኪዬቭ ውስጥ ወንዝ መሐል ባለ ደሴት ላይ ድንኳን ተክለው ሰንብተዋል። ፓስፖርትና ቲኬት ይዞ ሄዶ፣ ጨፍሮ መመለስ ማለት ያ ነው። ከ2014ቱ ጦርነት ወዲህ ግን ዩክሬን በሜዳዋ መጫወት አልቻለችም። መጋቢት 17 ቀን 2016 ዓ.ም. አይስላንድን 2 ለ 1 ያሸነፈችው ፖላንድ ውስጥ ቭሮትስዋፍ ላይ ነው፤ መቀመጫዎቹን የሞሉት ከአገራቸው የወጡ ዩክሬናውያን ነበሩ። ሲዘምሩ ሳያቸው የኔልስፕሪቶቹ ልጆች ትዝ አሉኝ።

ልጃችሁ ውጭ ካለና ቡድናችን እዚያ የሚጫወት ከሆነ፣ አቅም ካላችሁ ሂዱ። ክትባቱን ቀድማችሁ ውሰዱ፤ በርበሬውን በደንብ እሰሩት፤ ከጨዋታው በኋላ አንድ ቀን ጨምሩና ቡና ላይ ተቀመጡ። እንዴት እንደገባ ጠይቁት፤ ሲነግራችሁ አታቋርጡት። «እኔም ልሂድ» የሚል ሌላ ልጅ ቤት ውስጥ ካለ ደግሞ የሰማችሁትን ለእሱ ንገሩት፤ እቁቡ ሳይወጣ።